ያልነከስኩት ፍሬ

የበደለችኝ ሠናይት ናት። ጊዜው ከኮቪድ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የረመዳን ሁለተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ነው። ቦታው ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ በሚባለው ሰፈር ውስጥ የቻይና አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት፣ ምድር ቤት ያለው ወጥ ቤት። ስሟን ያነሳሁት ሰው እንዲጠላት ብዬ አይደለም፤ የሚጠላት ቢገኝ ግን አላዝንም። ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ኬክ ቆርሰው፣ ካርድ ፈርመው ሸኙኝ። እሷም ፈርማለች፤ “ሁሌም ቤተሰብ ነን” ብላ። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ያንን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ዘሀራ እባላለሁ። ኮምቦልቻ ተወልጄ ያደግኩ፣ ቶሮንቶ ስገባ አርባ ዓመት ያለፈኝ፣ ሁለት ልጅ ይዤ የመጣሁ ሴት ነኝ። መጀመሪያ ኤርፖርት አጠገብ ባለ ሆቴል አንሶላ አጠብኩ። አለቃዬ በሥራ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ማየት የማትችል ሴት ስለነበረች ወንበሮቹን በሙሉ ከክፍሉ አስወጣች። ቀጥሎ ለአውሮፕላን ምግብ የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ገብቼ ሦስት ዓመት በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ካሮት ከተፍኩ። የዚያኛው አለቃ ስሜን ሳያውቀው ለቀቅኩ። ስለ ደሞዝ የምለው የለም፤ የቤት ኪራይ ተከፍሎ ለልጆች ጫማ ይተርፍ ነበር።

አረጋውያኑ ቤት የቀጠሩኝ ሳህን እንዳጥብ ነው። ከሰፈሬ ከጄን ኤንድ ፊንች አውቶቡስ ይዤ፣ ፊንች ስቴሽን ላይ ሌላ ቀይሬ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ተጉዤ እደርሳለሁ። ከዋናው ወጥ ቤት ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። እዚያ ውስጥ አንዲት አጭር፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ከአራት ትልልቅ ድስት ጋር ብቻቸውን ይውላሉ። ሁሉም አንቲ ኩዎክ ይላቸዋል። አባታቸው ሆንግ ኮንግ ውስጥ የሥራሥርና የቅጠል መድኃኒት መደብር ነበራቸው። እሳቸው የሚሠሩት ሾርባ ለሳል፣ እንቅልፍ ላጣ፣ እጅ እግሩ ለሚቀዘቅዘው፣ ከቀዶ ጥገና ለተነሳ እየተባለ ለየሰዉ የሚለይ ነው።

አንድ ቀን የእሳቸውን ድስት ከማጠቤ በፊት ሳሸተው ደረሱብኝ።

“ምን ታሸቻለሽ?” አሉኝ። እንግሊዝኛቸው እንደ እኔው የተሰባበረ ነው።

“ምን እንደነበረበት።”

“ምን ነበረበት?”

“ዝንጅብል። የመንደሪን ልጣጭ፣ ግን ያረጀ። ደግሞ አፈር አፈር የሚል ሥር።”

ድስቱን ተቀብለው እሳቸውም አሸተቱ። “ሥሩ የትናንቱ ሾርባ ነው፤ ትናንት በደንብ አላጠብሽውም ማለት ነው” ብለውኝ ሄዱ። በሳምንቱ ማናጀሩን ጠይቀው ወደ ክፍላቸው አዛወሩኝ።

በመጀመሪያው ቀን አሳማ እንደማልነካ ነገርኳቸው። የእነሱ ሾርባ ግማሹ በአሳማ አጥንት የሚሠራ ነው። ትንሽ አሰቡና “አሳማ የእኔ፣ ዶሮና ፍራፍሬ የአንቺ” አሉ። ዶሮውም ሐላል ስላልነበረ አልቀምሰውም፤ የምቀምሰው ሥጋ የሌለበትን ብቻ ነው። “የማይቀምስ ወጥ ሠሪ አገኘሁ!” እያሉ ከዋናው ወጥ ቤት ሰዎች ጋር ይስቁብኝ ነበር። “አፍንጫዋ ግን የውሻ ነው።” ውሻ ተባልኩ ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው ቀን ሙገሳ መሆኑ ገባኝ።

ያስተማሩኝን በቃል እንደማልጨርሰው አውቃለሁ፤ የሆነውን ያህል ልበል። አጥንት በቀዝቃዛ ውኃ ተጥዶ ይፈላል፣ አረፋው ከነውኃው ይደፋል፣ አጥንቱ ታጥቦ እንደገና ይጣዳል። ቀይ ቴምራቸው ፍሬው ይወጣለታል፤ ከነፍሬው ከገባ ሰውነት ያግላል ይላሉ። የሎተስ ዘር ተሰንጥቆ መሐሉ ያለችው አረንጓዴ ቡቃያ ትነቀላለች፣ ትመራለችና። የመንደሪኑ ልጣጭ ተዘፍዝፎ ነጩ ክፍል በማንኪያ ይፋቃል። ሐኪም ምላስ የሚጫንበትን እንጨት የሚመስል ቢጫ ሥር አለ፤ እሱ ለደከመ ሰው ነው፣ ትኩሳት ላለበት ግን አይገባም። ግማሽ ሰዓት በትልቅ እሳት፣ ሁለት ሰዓት በትንሽ እሳት። ጨው እሳቱ ከጠፋ በኋላ። ክዳኑን መክፈት ክልክል ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ድስት ሳልከፍት፣ ሳላማስል መቆም አልችልም። ክዳኑን ስነካ ባዩ ቁጥር እጄን በፎጣ ይመቱኝ ነበር።

“አትክፈቺ! ስሚው።”

“ምኑን ልስማው?”

“ሲቸኩል ድምፁ ወፍራም ነው። ሲበስል ይቀጥናል።”

እውነት ነው፣ ይቀጥናል። ለመስማት ግን አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

አንቲ ኩዎክ የራሳቸው የሸክላ ማንኪያ ነበራቸው፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ ደረት ኪሳቸው ውስጥ የሚቀመጥ። ድስቱ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ አስቀድመው ነጭ ትሪ ላይ በረድፍ ይደረድሩና በጣታቸው እየነኩ አንድ በአንድ ይቆጥሩታል። ከዚያ በፊት ደግሞ ፎቅ ወጥተው የሚበላውን ሰው ያያሉ። ምላሱን ያስወጡታል፣ እንቅልፉን ይጠይቁታል፣ ነርሷን ስለ ክኒኑ ይጠይቋታል። ሾርባቸው የሐኪም መድኃኒት ይተካል ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። “ክኒን የሐኪም ነው። እኛ ሰውየው ክኒኑን የሚውጥበት አቅም እንሰጠዋለን” ይሉ ነበር።

አሁን ስለ ሁለቱ ጠርሙሶች። ለሳል ከሚሠሩት ሾርባዎች አንዱ ፒር የሚባለው ፍራፍሬ ነጭ እንጉዳይ መሳይ ነገር ገብቶበት የሚቀቀለው ነው። እሱ ላይ የአፕሪኮት ፍሬ ውስጥ ያለው ለውዝ መሳይ ዘር ይጨመራል። ዘሩ ሁለት ዓይነት ነው፣ ጣፋጭና መራራ። ጣፋጩ በእፍኝ ይገባል፤ መራራው ለአንድ ትልቅ ድስት ጥቂት ፍሬ ብቻ፣ ከበዛ መርዝ ነውና። መራራው ትንሽ አነስ ይላል እንጂ በዓይን አይለይም። አንቲ ኩዎክ ጣፋጩን በትልቅ ጠርሙስ፣ መራራውን በትንሽ ጠርሙስ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አስረው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ጠርሙስ በከፈቱ ቁጥር አንድ ፍሬ ይነክሳሉ። በየቀኑ፣ ራሳቸው የሞሉትን ጠርሙስ ሳይቀር።

“ራስዎ አይደሉ የሞሉት?” አልኳቸው አንዴ።

“ጠርሙስ አይናገርም” አሉኝ። “ጥርስ ይናገራል።”

በረመዳን እኔ ስጾም የሚነክሱልኝ እሳቸው ነበሩ።

ሠናይትን እዚያ ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ። የጎረቤቴ የአክስት ልጅ ናት፤ ከአዲስ አበባ በመጣች በሦስተኛው ወር ማናጀሩ ፊት አቆምኳት። ያኔ “እትዬ ዘሀራ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር” ትለኝ ነበር። ጎበዝ ናት፣ አልክድም። እጇ ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ናት፣ እንግሊዝኛዋ ከእኔ በብዙ ይሻላል። ማታ ማታ ተምራ ሰርተፊኬት አመጣችና ሱፐርቫይዘር ሆነች። ሱፐርቫይዘር በሆነች ማግስት “ዘሀራ፣ ሽንኩርቱን ጨረስሽ?” አለችኝ። ሽንኩርቱን ጨርሼ ነበር።

አንቲ ኩዎክ ጉልበታቸውን አመማቸውና ማርካም ከተማ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። በመጨረሻው ቀን ምንም ንግግር አላደረጉም። ነጩን ትሪ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፣ “ድስቱ ያንቺ ነው” አሉ። ሁለት ዓመት ብቻዬን ሠራሁ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ጊዜ ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሚስተር ፉንግ የሚባሉ ልብስ ሰፊ የነበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ከሌላው ምግብ ሁሉ ጥቂት ቀምሰው ይመልሳሉ፣ የእኔን ሾርባ ግን ጎድጓዳ ሳህኑን አንስተው ይጨልጡታል። እሑድ እሑድ የምትመጣው ልጃቸው ግሬስ እየወረደች “ዛሬ አባቴን ምን ሰጠሽው? ጉንጩ ቀልቷል” ትለኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ረመዳን ከዋናው ወጥ ቤት አንዱን እየጠራሁ ፍሬ አስነከስኩ። “ምን አደረግኩሽ? መርዝ እንድቀምስልሽ ነው?” እያሉ ይቀልዱብኛል። ቀልዱ ሰለቸኝ፤ ሰው መለመንም ሰለቸኝ። በሁለተኛው ረመዳን ተውኩት። ጠርሙሶቼን አውቃቸዋለሁ አልኩ።

ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው በተባለ ሳምንት፣ ሰኞ ዕረፍቴ ነበር። ሠናይት መደርደሪያዬን አጸዳች። አሮጌዎቹን ጠርሙሶች ጥላ ሁሉንም ነገር ወደ እኩል የፕላስቲክ ዕቃዎች ገለበጠች፤ እያንዳንዱ ላይ በማሽን የታተመ ጽሑፍ ለጠፈች። ሁለቱም ዘሮች ሲገዙ ከረጢታቸው ላይ “ለውዝ” ነው የሚለው። እሷም ሁለቱ ላይ “ለውዝ” ብላ ለጠፈች፤ ጎን ለጎንም አስቀመጠቻቸው። አልነገረችኝም።

ማክሰኞ ስገባ ጠርሙሶቹ እንደሌሉ አየሁ። ተናደድኩ። ሄጄ ልጠይቃት ሲገባኝ፣ አሁን ደግሞ በገዛ መደርደሪያዬ ላይ እሷን ልጠይቅ ነው ብዬ ተውኩት። አንደኛውን ዕቃ ከፈትኩ። እፍኝ ሙሉ ዘገንኩ። ትሪው ላይ ደረደርኩ፣ በጣቴ ነካሁ፣ ድስት ውስጥ ከተትኩ። ከሁለተኛውም ጥቂት ፍሬ ጨመርኩ። እየፈላ ሲሄድ ሽታው በረታብኝ። ያን ጊዜ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ቀኑ ረጅም ስለሆነ አፍንጫዬ በጾም ይሳላል፤ ለዚያ መሰለኝ። ስንት ዓመት የተመሰገንኩበት አፍንጫ ነገረኝ፤ እኔ አልሰማሁትም።

ሾርባው ለምሳ ወጣ። ይመር ነበር። ብዙዎቹ አንድ ጉንጭ ብለው መለሱት። ሰባቱ ግን ጠጡት፤ መራራ ከሆነ መድኃኒቱ ጠንክሯል ማለት ነው ብለው፣ ደግሞም የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ። ሚስተር ፉንግ ጨርሰው ተጨማሪ ጠየቁ።

ከሰዓት በኋላ ማስመለስና ማዞር ጀመራቸው። ነርሷ “ምን አበላችኋቸው?” እያለች ደረጃውን ስትወርድ ሰማኋት። የፕላስቲኩን ዕቃ ከፍቼ አንድ ፍሬ ነከስኩ። ሬት የላስኩ ያህል መረረኝ። ዕቃውን ይዤ ወደ ሠናይት ሮጥኩ።

“መራራው ነው። መራራውን ነው በእፍኝ የጨመርኩት። ዕቃዎቹን ማን ነው የቀየራቸው?”

ፊቷ ተለወጠ። በሩን ዘጋች።

“እትዬ” አለችኝ፤ ከስንት ዓመት በኋላ። “አሁን ምንም እንዳይናገሩ። ነርሷ መራራው ዘር መሆኑን ትወቅና የሚገባውን ትስጣቸው፣ እሱን እኔ እነግራታለሁ። ሌላውን ለእኔ ይተዉት። አስተካክለዋለሁ።”

ለነርሷ ነገረቻት፤ ይህንን አልወስድባትም። ስድስቱ በማግስቱ ተነሱ። ሚስተር ፉንግ አምቡላንስ ወሰዳቸው፤ አራት ቀን ሆስፒታል ተኝተው ተመለሱ። ቤቱ ለቤተሰቦች የነገረው የሆድ ቫይረስ እንደገባ ነው።

ሐሙስ ማናጀሩ ስብሰባ ጠራ። ዩኒየን የሚባለው የሠራተኛ ማኅበር ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ሠናይት የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ ቋንቋዬንም ታውቃለች ተብሎ የምታስተረጉምልኝ እሷ ሆነች። ማናጀሩ የሆነውን እንድናገር ጠየቀኝ። በአማርኛ ከአምስት ደቂቃ በላይ ተናገርኩ። ስለ ትልቁና ስለ ትንሹ ጠርሙስ፣ ስለ ቀዩ ክር፣ ስለ ሰኞው ጽዳት፣ ሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ስለመለጠፉ። ሠናይት አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝና ወደ ማናጀሩ ዞራ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አይደለም፤ የወጥ ቤት ዕቃ ስም ግን አንድም አያመልጠኝም። ጠርሙስ የሚለው ቃል እስኪመጣ ጠበቅኩ። አልመጣም። የመጣው ጾም የሚለው ቃል ነው።

ራሴ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ማናጀሩ ቀጥታ ወደ እኔ አየና ቀስ ብሎ “ቀምሰሽው ነበር?” አለኝ። ይህንን ማንም ሳያስተረጉምልኝ ገባኝ።

“ኖ” አልኩ።

ከዚያ በኋላ ስለ ጠርሙስ ብናገር ማን ይሰማኛል ብዬ ዝም አልኩ። ሪፖርቱ ሲወጣ ልጄ አነበበችልኝ። ሠራተኛዋ በሃይማኖቷ ምክንያት ምግብ እንደማትቀምስ፣ ሱፐርቫይዘሯ ሦስት ጊዜ በቃል አስጠንቅቃት እንደነበር ይላል። አንድም ጊዜ አላስጠነቀቀችኝም። ስለ መደርደሪያው አንድ መስመር የለበትም። ኮሪደር ላይ አስቁሜ ጠየቅኳት።

“ሦስት ጊዜ? መቼ ነው ያስጠነቀቅሽኝ?”

“አንቺን አላባረሩሽም አይደል? እኔን ግን ያባርሩኝ ነበር። ልጅ አለኝ።”

“እኔስ ልጅ የለኝም?”

“ያንቺ አድገዋል” ብላኝ አለፈች።

ወደ ሳህን ማጠቢያው ተመለስኩ። የሾርባው ክፍል ተዘግቶ የዕቃ ማስቀመጫ ሆነ፤ ሾርባው በዱቄት መምጣት ጀመረ። ሚስተር ፉንግ ከሆስፒታል ከተመለሱ በኋላ ማንም የሰጣቸውን ሾርባ አፋቸው አላደረሱም። ሁለት ዓመት ኖረው ሞቱ፤ በሌላ በሽታ ነው። ትሪያቸው ወደ ማጠቢያው ሲወርድ ጎድጓዳ ሳህናቸውን አውቀዋለሁ፤ እንደሞላ ነው የሚመለሰው።

ያን ሰሞን የመስጊዳችንን ኢማም ጠየቅኳቸው። ለሥራ ካስፈለገ በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ጾም አያበላሽም አሉኝ። ይህንን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ነበር የሚበቃኝ። ስንት ረመዳን ሳልጠይቅ አለፈ።

ማርካም ሄጄ ለአንቲ ኩዎክም ነገርኳቸው። ሠናይት ያደረገችውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘረዘርኩላቸው። ይናደዱልኛል ብዬ ነበር። እስክጨርስ ጠበቁና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

“ነከስሽ?”

“አልነከስኩም። ግን እሷ ጠርሙሶቹን…”

“እንግዲያው ጠርሙስ አይደለም” አሉኝ። ሻይ ቀዱልኝ። ስለ ሌላ ነገር አወራን። በእሳቸውም ላይ ቂም ይዤ ተመለስኩ፤ በክረምቱ ሲሞቱም ያንን ቂም ገና አልጣልኩትም ነበር።

ሳህን እያጠብኩ የማሰላሰያ ጊዜ ሞልቶኝ ነበር። ሠናይት ሰው ልትጎዳ ብላ ዕቃዎቹን አልቀየረችም፤ የሚለያዩ መሆናቸውን አታውቅም። በደሏ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ አፌ ሆና ተቀምጣ የእኔን ቃል መዋጧና ያልተናገረችውን ተናገርኩ ማለቷ። ይህ ውሸት ነው፤ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። ነገር ግን እሷ ባትዋሽም ሚስተር ፉንግ ሆስፒታል ገብተው ነበር። እሷን ስወቅስ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህንን በጣም በትንሹ ነው ያሰብኩት። የእሷ ውሸት ለእኔ ተመችቶኝ ነበር ማለት ነው፤ ከራሴ ጥፋት የምሸሸግበት።

ግሬስ አባቷ ከሞቱም በኋላ ለበጎ ፈቃድ ሥራ እዚያ ቤት ትመጣ ነበር። በሽኝቴ ቀን አቅፋኝ “አባቴ የዚህ አገር ምግብ ሁሉ ጠልቶ ያንቺን ሾርባ ብቻ ነበር የሚወደው። ያ ቫይረስ ባይመጣ ኖሮ” አለችኝ። እኔም “አዎ” አልኳት። አዎ ነው ያልኩት።

ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ ኮል አደረግኩላት፤ ፊንች መንገድ ላይ ያለ ዶናት ቤት ተቀጣጠርን። በመጣልኝ እንግሊዝኛ ነገርኳት። ልጄ ላስተርጉምልሽ ብላኝ ነበር፤ እንቢ አልኳት።

“ቫይረስ አልነበረም። የእኔ ሾርባ ነው። መራራውን ዘር ሳልነክስ ጨመርኩ።”

ግሬስ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። “ማን ያውቃል ይህንን?”

“ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል። የማታውቁት እናንተ ቤተሰቦቹ ናችሁ።”

“ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?”

“ሥራዬን ፈራሁ። ደግሞ ጥፋተኛዋ ሌላ ሰው ናት እያልኩ ነበር።”

“ሆስፒታል እያለ ስለ ሾርባው ነግሮኝ ነበር” አለችኝ። “መራራ ነበር፣ ስለዚህ ጥሩ ነበር አለኝ።” ከዚያ ካፖርቷን ለበሰች። ሄደች።

በማግስቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ነው። መጀመሪያው ገጽ ላይ እኔ ያጠፋሁትን፣ ሁለተኛው ላይ ሠናይት ያደረገችውንና የዋሸችውን። ልጄ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፤ አንድም ነገር እንዳታለሰልስ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንዱን ቅጂ ለቤቱ ኃላፊዎች፣ አንዱን ለዩኒየኑ፣ አንዱን ለግሬስ፣ አንዱን ለሠናይት አደረግኩ። አራቱም ላይ ፈርሜ ፖስታ ቤት ወስጄ ላክኋቸው።